ጠቢብን ጠይብ ያለው ማን ነው?

ቃል እንደ ሰው ይሰደዳል። ከአገር ወደ አገር ሲሻገር በአንዱ ዘንድ ይከብራል፥ በሌላው ዘንድ ይዋረዳል። ዛሬ የምጽፍላችሁ እንዲህ ስላለ አንድ ቃል ነው። ይህ ቃል በዐረብ አገር በበሽተኛ አልጋ አጠገብ በክብር ይቀመጣል፤ በግዕዝ መጻሕፍት ከነገሥታት ስም ጋር ይጠራል፤ በእኛ ሰፈር ግን ከደጅ ቆሞ ይሰደባል። ቃሉ «ጠቢብ» ነው። እኛ «ጠይብ» አልነው፤ ስድብም አደረግነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ የቋንቋ ጨዋታ አድርጋችሁ እንዳታነቡት አደራ እላለሁ። በዚህ ቃል ምክንያት ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ። በዚህ ቃል ምክንያት ሽማግሌ ተልኮላት ሽማግሌው ከመንገድ የተመለሰባት ልጃገረድ አለች። በዚህ ቃል ምክንያት ከዕድርና ከማኅበር ተለይቶ የኖረ ጎረቤት አለ። ምላስ አጥንት የለውም፥ ነገር ግን አጥንት ይሰብራል የተባለው በከንቱ አይደለም። እንግዲህ አጥንት የሚሰብረውን ይህን ቃል ከየት እንደ መጣ ጠይቀን፥ ማን እንዳበላሸው እንመርምር።

በግዕዝ «ጠበበ» ማለት ብልኅ ሆነ፥ ዐወቀ፥ ሥራን ተካነ ማለት ነው። ከዚሁ ግስ «ጥበብ» የተባለው ስም ይወጣል፤ የጥበብም ባለቤት «ጠቢብ» ይባላል። ንጉሥ ሰሎሞን ጠቢብ የተባለው በዚህ ቃል ነው፤ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣውም ሰው ጠቢብ የተባለው በዚሁ ቃል ነው። ሁለት ቃል አልነበረም፤ አንድ ብቻ ነበረ። የእጅ ሥራም በግዕዝ «ጥበበ እድ» ይባላል፤ እድ ማለት እጅ ነውና፥ የእጅ ጥበብ ማለት ነው። በኋላ በአነጋገር ልማድ የመካከለኛዪቱ ፊደል ላልታ ጠፋችና ጠቢብ «ጠይብ» ሆነ። ፊደል በመጥፋቱ የሚከፋ የለም፤ የቋንቋ ጠባይ ነው። የሚያስከፋው ከፊደሉ ጋር ክብሩም አብሮ መጥፋቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። አንዳንድ ሰዎች ጥበብን «ጠበበ» ከሚለው የአማርኛ ቃል፥ ማለት ሰፊ ያልሆነ ነገር ከሚነገርበት ቃል ጋር ያዛምዱታል። ይህ ልክ አይደለም። የቦታ መጥበብ በግዕዝ «ጸበበ» ነው፤ በጸ ይጻፋል። የዕውቀቱ «ጠበበ» በጠ ይጻፋል። በአማርኛ ጸ ወደ ጠ ስለ ተለወጠ ሁለቱ በጆሮ አንድ መሰሉ እንጂ፥ በሥር የተለያዩ ናቸው። ጥበብ ከሥሯ ጠባብ አይደለችም። ያጠበብናት እኛ ነን።

የቃሉን አሮጌ ትርጉም በመጽሐፍ ቅዱስም እናገኘዋለን። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 31 ባስልኤል የተባለው ሰው በእግዚአብሔር መንፈስና በጥበብ እንደ ተሞላ ተጽፏል። ጥበቡ ምን ላይ እንደ ዋለ ልብ በሉ። ትንቢት እንዲናገር አልነበረም፤ ሕዝብም እንዲገዛ አልነበረም። በወርቅ፥ በብርና በናስ እንዲሠራ፥ ዕንቍ እንዲቀርጽና እንጨት እንዲጠርብ ነበረ። በምዕራፍ 35 ደግሞ በእጃቸው የፈተሉ ሴቶች ልባቸው ጥበበኛ እንደ ሆነ ይነገራል። መጽሐፉን ተሳልሞ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ፈታይቱን የሚንቅ ሰው፥ የተሳለመውን መጽሐፍ አላነበበውም ማለት ነው።

አሁን ቀይ ባሕርን እንሻገር። ዐረቦች ይህንኑ ሥር ወርሰውታል። በእነርሱ ቋንቋ «ጢብ» ማለት ሕክምና፥ «ጠቢብ» ማለት ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ትርጉም ግን እንደ እኛው በሥራ መካን፥ ብልኅነት ነበረ። ከብልኅ ሁሉ የሚበልጥ ብልኅ ነፍስ የሚያድነው ነው ብለው ስሙን ለሐኪሙ ሰጡት። ከዐረብኛ ቃሉ ወደ ሩቅ አገር ተጓዘ። ፋርስ ሐኪምን ጠቢብ አለ፤ ቱርክ «ታቢፕ»፥ ማልታ «ታቢብ»፥ ስዋሂሊ «ታቢቡ» አሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ የዘመቱ የፈረንሳይ ወታደሮችም ከአልጄርያ ሰዎች አፍ ሰምተው ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ስለዚህ ዛሬ በፓሪስ ከተማ ሰው ስለ ሐኪሙ በወዳጅነት ሲናገር «ቱቢብ» ይላል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ፈረንሳዊው በታመመ ጊዜ የሚጠራበትን ስም እኛ በጤናችን ጎረቤታችንን እንሰድብበታለን።

ሆኖም ይህ ቃል በዐረብኛም ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ አልኖረም። በጥንቱ ዐረብኛ ከዚሁ ሥር የወጣው «መጥቡብ» የተባለው ቃል አስማት የተደረገበት ሰው ማለት ነበረ። በእኛም አገር ጠይብ ከቡዳ ጋር ተቆራኘ። ሁለት ሕዝቦች ባሕር ሳይከለክላቸው ከአንድ ሥር አንድ ዓይነት ጥርጣሬ ማውጣታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። የሰው ጠባይ ነውና። እንግሊዞችም «ዋይዝ» ከሚሉት፥ ብልኅ ማለት ከሆነው ቃላቸው «ዊዛርድ» የሚለውን፥ ማለት አስማተኛን አወጡ። እኛም «ዐዋቂ» የሚለውን የከበረ ቃል ወስደን «ዐዋቂ ቤት ሄደ» ባልን ጊዜ ሁላችሁም ወዴት እንደ ሄደ ትረዳላችሁ። ሰው ሊሠራው የማይችለውን ነገር ሌላው ሲሠራው ባየ ጊዜ በመጀመሪያ ያደንቃል፥ ቀጥሎ ይፈራል፥ በመጨረሻም ፍርሃቱን ለመሸፈን ይንቃል። ድንጋይ መስሎ ከመሬት የወጣው ነገር በእሳትና በወናፍ ማረሻ ሲሆን ያየ ገበሬ፥ «ይህ ሰው የተለየ ኃይል አለው» አለ። እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው፤ የተለየ ኃይል አለው። ስሙም ትምህርት ነው። «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ሲል ግን ከእውነት ወጣ።

ቃል የሚወድቀው በእኛ አገር ብቻ ነው አልልም። ግሪኮች በጥንት ዘመን «ሶፊያ» የሚሉት ቃል ጥበብ ማለት ሲሆን፥ በሆሜር ኢልያድ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተነገረውም የመርከብ እንጨት ስለሚያስተካክል አናጢ ነው። አሪስጣጣሊስም ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፥ ሰዎች ድንጋይ ጠራቢውን ፊዲያስንና ሐውልት ሠሪውን ፖሊክሊቶስን በዚሁ ቃል ጠቢባን እንደሚሏቸው ያስታውሳል። ነገር ግን ይኸው ፈላስፋ ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ፥ መልካም ከተማ የእጅ ሠራተኛን ዜጋ አታደርገውም ብሏል። በአንድ እጁ ስሙን ሰጠ፥ በሌላ እጁ መብቱን ነሣ። የእንግሊዝኛውም «ቪለን»፥ ማለት ክፉ ሰው፥ መነሻው በላቲን የእርሻ ቦታ ሠራተኛ ማለት ነበረ። እኛስ «ባላገር» ስንል ምን ማለታችን ነው? ባለ አገር፥ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ከከተማ የገባ ልጅ ግን ወንድሙን ሲያንቋሽሽ «ይህ ባላገር!» ይላል። የአገር ባለቤት መሆን ስድብ ከሆነ፥ አገር የሌለው መሆን ምስጋና ሊሆን ነውን?

ስለዚህ ጥያቄው ቃሉ ለምን ወደቀ የሚል ብቻ አይደለም። ማን ጣለው? ስለ ምንስ ጣለው? እኔ መልሱ መሬት ነው እላለሁ። በቀድሞው ዘመን ክብር የሚለካው በርስት ነበረ። ርስት ያለው ያርሳል፥ ያሳርሳል፥ ይከበራል። ርስት የሌለው ወይም ርስቱን የተነጠቀ በእጁ ሥራ ያድራል። በሰሜን ጎንደር አውራጃዎች የነበሩት ቤተ እስራኤል ለዚህ ምስክር ናቸው። ከርስት የተገለሉት እነዚህ ሰዎች ብረት ቀጠቀጡ፥ ሸማ ሠሩ፥ ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሩ፤ የጎንደርን ቤተ መንግሥታት ከገነቡትም ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ነበሩበት። ገበሬው ማረሻውን ከእነርሱ ወሰደ፥ ሚስቱም ምጣዷን ከእነርሱ ገዛች፤ ልጅ በታመመ ጊዜ ግን «ቡዳ በላው» ተብሎ ጣት ወደ እነርሱ ተቀሰረ። ከ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ያ ሁሉ የእጅ ዕውቀት አብሮ ሄደ። የቀረው ስድቡ ብቻ ነው፤ እርሱንም ለሌሎች ሠራተኞች አወረስነው።

የሠሪውን ሥራ እየፈለጉ ሠሪውን መጥላት ከባድ ነገር ነው፤ ኅሊና ይወቅሳል። ስለዚህ ኅሊናን ዝም የሚያሰኝ ወሬ ያስፈልጋል። ቡዳ የሚለው ወሬ ሥራው ይህ ነበረ። ባለ ቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛም ዋጋውን ቀንሰን ለመግዛት በመጀመሪያ ሠሪውን ናቅን።

ይህን በደል ያየ መንግሥት አልነበረም አይባልም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው፥ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ የሚጽፈውንና የሚያርሰውን በሥራው ስም መስደብ ከለከሉ። ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል አሉ፤ የሰው ሁሉ ዘር አንድ መሆኑንም አስታወሱ፤ ስድቡን ባልተወው ላይም የአንድ ዓመት እስራት አዘዙ። ከዚያ በፊት፥ በ1783 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ የስፔን ንጉሥ ሣልሳዊ ካርሎስ የቆዳ ፋቂ፥ የብረት ሠሪ፥ የልብስ ሰፊ፥ የጫማ ሰፊና የአናጢ ሥራ ሁሉ የታመነና የተከበረ ነው፥ የመኳንንትንም ክብር አያጐድፍም ብሎ ደንግጎ ነበር። ሁለት ነገሥታት፥ ሁለት አገሮች፥ አንድ በሽታ። በዘመናችንም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ልዩነት ሳይደረግበት በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ዐዋጅ አልጐደለብንም። የጐደለው ዐዋጁ ከአደባባይ ወደ ማዕድ ቤት መግባቱ ነው።

በአንድ የገጠር ከተማ ሳስተምር የቀጥቃጭ ልጅ ተማሪ ነበረኝ። በሒሳብ ከክፍሉ ፊተኛ ነበረ። ጓደኞቹ ግን ምሳ ሲበሉ ከእርሱ ጋር አይቈርሱም ነበር፤ በመቀመጫም አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም። የተሳደቡትን ቀጣሁ፥ ወላጆቻቸውንም ጠርቼ ተናገርሁ። ወላጆቹ በፊቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ልጆቻቸውን «ዓይኑን አትዩት» አሏቸው። ልጁ ዓመቱ ሳያልቅ ቀረ፥ ተመልሶም አልመጣም። የትምህርት ቤታችንን ደወል የሠራው አባቱ ነበረ። ልጆቹ ሁሉ በዚያ ደወል ይገቡ፥ በዚያ ደወል ይወጡ ነበር። የደወሉን ድምፅ የተቀበለ ጆሮ የሠሪውን ልጅ ስም ለመስማት ተጸየፈ። ይህን የፈጸመው አንድ ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ክፉ ቃል ነው፥ ቃሉንም ከአፍ ወደ አፍ ያቀበልን ሁላችን ነን።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፥ «መምህር፥ ይህ ያለፈ ነገር ነው፤ ዛሬ ጠይብ የሚል የለም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ከሆነ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ሰው ልጁን ሊድር ሲነሣ አጥንት መቍጠር ቀርቷልን? «ልጁ መልካም ነው፥ ሥራም አለው፤ ብቻ አያቱ...» ተብሎ ድምፅ ዝቅ አይደረግምን? ስድብ ከአደባባይ ተባርሮ በሹክሹክታ ቢኖር አልሞተም፤ ተሸሸገ እንጂ።

ሌላም አዲስ በደል መጥቷል። ዛሬ «የጥበብ ሰው» ስትሉ የምትጠሩት ማንን ነው? ዘፋኙን፥ ተዋናዩን፥ ገጣሚውንና ሠዓሊውን ነው። እነርሱ ስሙን አይገባቸውም አልልም፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን በሽሮ ሜዳ ገበያ ተሰቅሎ የምታዩት የሐበሻ ቀሚስ በጫፉ ላይ ያለው ሽመና ስሙ ማን ነው? «ጥበብ» ነው። ያንን ጥበብ በእግሩ ጕድጓድ ውስጥ ተቀምጦ፥ ክሩን እየቈጠረ፥ ሐረጉን በልቡ ይዞ የሚያወጣው ሸማኔ፥ ብዙውን ጊዜ ከጋሞ ተራራዎች የመጣ የዶርዜ ሰው ነው። ጥበብን ለብሳችሁ ሠርግ ትሄዳላችሁ፤ ጥበቡን የሠራውን ግን የጥበብ ሰው ብሎ የጠራው ማን ነው?

እንዲሁም «ቴክኖሎጂ» ስትሉ አፋችሁ በኩራት ይሞላል። የዚህ ቃል ሥር በግሪክ «ቴክኔ» ነው፤ የእጅ ሙያ ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የሚዛመደው «ቴክቶን» አናጢ ማለት ሲሆን፥ በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 6 የናዝሬት ሰዎች ጌታ ኢየሱስን «ይህ አናጢው አይደለምን» ብለው የተሰናከሉበት ቃል ይኸው ነው። ሲሰሙት ተደነቁ፤ ሙያውን ባሰቡ ጊዜ ግን ናቁት። የናዝሬት ሰዎች በሽታ የእኛ በሽታ እንደ ሆነ አያችሁን? «ኢንጂነር» የምትሉትም ከላቲን «ኢንጌኒዩም» የመጣ ነው፤ ተፈጥሮ የሰጠችው ብልኅነት ማለት ነው። በባዕድ ቋንቋ ሲጠራ የምታከብሩትን ነገር በአያቶቻችሁ ቋንቋ ሲጠራ ካፈራችሁበት፥ የምታከብሩት ዕውቀቱን ሳይሆን የቃሉን መዓዛ ነው።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ከቤተ ሰብ ስሞች ሁሉ የበዛው «ስሚዝ» ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ጀርመን «ሽሚት»፥ ሃንጋሪ «ኮቫች»፥ ሩስያ «ኩዝኔትሶቭ»፥ ዐረብ «ሐዳድ» ይላል፤ ሁሉም ከዚያው ሙያ የወጡ ናቸው። እነዚያ አገሮችም ሠራተኛን የናቁበት ጊዜ ነበረ፤ የስፔኑን ዐዋጅ አይታችኋል። ነገር ግን የአያቱን መዶሻ በስሙ ላይ አድርጎ ሚኒስትር የሆነ፥ መምህር የሆነ ሰው በመካከላቸው ሞልቷል። በእኛ አገር ስንት ሰው ነው የአባቱን ወናፍ ሳይደብቅ የሚናገር?

ራሱን ከሠራተኛ ለይቶ «እኔ ጨዋ ነኝ» ለሚለውም አንድ ቃል አለኝ። ጨዋ በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጭፍሮች መጠሪያ ነበረ። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አነጋገር ግን ጨዋ ማለት ያልተማረ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ጨዋው ጠይቡን ሲሰድብ፥ በቃላቱ አሮጌ ትርጉም ብናየው፥ ያልተማረው የተማረውን ሰደበ ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የተማረ ሰው ግን የያዘው ነገር ክፉ መሆኑን ሲረዳ ሊለቅ ይገባዋል።

ወጣቶች ሆይ፥ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፥ ስሙን መልሱ። ብረት የሚሠራውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን በፊታቸውም በሌሉበትም በሙያቸው ስም በአክብሮት ጥሩ፤ «ጠይብ» ብሎ የሚሰድብ በሰማችሁ ጊዜም ቃሉ ጠቢብ ማለት መሆኑን ሳታፍሩ ንገሩት። ሁለተኛው፥ ከመጽሐፍ ሌላ አንድ የእጅ ሙያ ተማሩ። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጧት ፊደልና ሒሳብ፥ ከሰዓት በኋላ መጋዝና መላጊያ ነበረ። የአንዱ ጓደኛችን አባት መጥተው፥ «ልጄን ለብዕር ነው የሰጠሁ፥ ለመጋዝ አልሰጠሁም» ብለው ተቈጡ። ከእኛ መካከል ግን በመጋዙ የተጐዳ የለም፤ ጣውላን በልክ መቍረጥ የተማረ ሰው ቃልንም በልክ መናገር ይማራል። ሦስተኛው፥ የትዳር ጓደኛ ስትመርጡ አጥንት አትቍጠሩ፤ ጠባይ መርምሩ። የቈጠሩት አጥንት ቤት አይሠራም፥ ልጅም አያሳድግም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይደርሳል ይባላል። ይህ ቃል ከአፋችን ወጥቶ ብዙ ሰው ከአፋፍ ጥሏል፤ ሊመልሰው የሚችል እንደ እናንተ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ትውልድ ነው። ቃሉ ምንም አልበደለም፤ ሲፈጠር ክቡር ነበረ፥ በባሕር ማዶም እስከ ዛሬ ክቡር ነው። በደሉ የእኛ ነው፤ ካሣውም ከእኛ ይጠበቃል። ካሣው ገንዘብ አይፈልግም። ነገ ጧት ማረሻውን ሊያሾል ወደ ቀጥቃጩ ቤት የሚሄድ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ብረቱን ከመወርወር ይልቅ፥ ገብቶ «እንደምን አደሩ፥ ጠቢቡ» ብሎ ቢቀመጥና የቀረበለትን ቢቀምስ ይበቃል።